የአሣቂው ሰው ቁም ነገር

ሰውን ማሣቅ ቀላል ሥራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህም አሣቂ የተባለ ሰው ቁም ነገር እንደሌለው ተቈጥሮ ከተከበሩት ሰዎች ተራ ሲገፋ ይታያል። ነገር ግን ሣቅ እንደ ቢላዋ ነው፤ እንደ ያዡ እጅ ዳቦም ይቈርሳል፥ ሰውም ያቈስላል። ደካማውን አዋርዶ ማሣቅ ማንኛውም ባለጌ የሚችለው ነገር ነው። የደካማውን ክብር ጠብቆ ትዕቢተኛውን አሳፍሮ ማሣቅ ግን ዕውቀትም ድፍረትም ይጠይቃል። ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆነን በዓለም ሁሉ የታወቀውን የሲኒማ ተጫዋች የቻርሊ ቻፕሊንን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን አፕሪል 16 ቀን 1889 በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ያደገውም በሎንዶን ከተማ በድኆች ሰፈር ነው። አባቱም እናቱም በቴአትር ቤት እየዘፈኑ የሚተዳደሩ ነበሩ። አባቱ ግን ቤተ ሰቡን ትቶ ሄደ፤ በመጠጥም ምክንያት በ1901 ገና ሳያረጅ ሞተ። ቻርሊ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፥ እናቱ አንድ ሌሊት በመድረክ ላይ ስትዘፍን ድምፅዋ ተሰበረና ሕዝቡ አፌዘባት። የአምስት ዓመቱ ልጅ በእርስዋ ፈንታ ወጥቶ ቢዘፍን፥ ያው በእናቲቱ ያፌዘው ሕዝብ ለልጁ ገንዘብ ወረወረለት። እንግዲህ ሰውን በሚሰብር ሣቅና ሰውን በሚጠግን ሣቅ መካከል ያለውን ልዩነት ይህ ልጅ በአንድ ሌሊት አየ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረኀብ ነው። በሰባት ዓመቱ ከእናቱና ከታላቅ ወንድሙ ከሲድኒ ጋር ወደ ድኆች መጠጊያ ቤት ገባ። እናቱም ቈይቶ አእምሮዋ ታወከና ወደ ሕሙማን ቤት ተወሰደች። ልጁ ግን በየቴአትሩ እየዞረ እንጀራውን መፈለግ ጀመረ። በ1908 ፍሬድ ካርኖ ከሚባል የቴአትር አለቃ ዘንድ ተቀጥሮ፥ ያለ ንግግር በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ማሣቅን በዚያ ተማረ። ከዚሁም ማኅበር ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1913 መጨረሻ በሳምንት 150 ዶላር ደመወዝ ወደ ሲኒማ ሥራ ገባ።

በ1914 መላው ዓለም የሚያውቀውን ልብስ ለበሰ። ሱሪው ሰፊ፥ ኮቱ ጠባብ፥ ባርኔጣው ትንሽ፥ ጫማው ትልቅ ነው፤ በእጁም ቀጭን ከዘራ ይዟል። ይህ ሰው ማደሪያ የሌለው ድኃ ነው፤ ነገር ግን ባርኔጣውን እያነሣ ለሰው ሰላምታ ይሰጣል፥ ከዘራውንም እንደ መኰንን ያወዛውዛል። ቻፕሊን ተመልካቹን የሚያሥቀው በሰውዬው ድህነት አይደለም፤ ድኃው ክብሬን አልጥልም በማለቱ ነው። በ1925 በወጣው የወርቅ ፈላጊዎች ፊልም በረኀብ ጊዜ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ፥ ክሩን በሹካ እየጠቀለለ፥ ምስማሩንም እንደ አጥንት እየጋጠ፥ በግብር ላይ እንደ ተቀመጠ ጨዋ ሆኖ ነው። ጥርስ ባዳ ነው እንደሚባለው፥ ተመልካቹ ይሥቃል፤ ልቡ ግን ረኀብን ያስባል።

ሥራውንም የሚሠራው በቀልድ አልነበረም። ድርሰቱን ራሱ ይደርሳል፥ ተጫዋቾቹን ራሱ ያሠለጥናል፥ በኋላም ዜማውን ራሱ ያወጣ ነበር። በ1931 ባወጣው የከተማ መብራቶች በተባለው ፊልም አንዲት አበባ ሻጭ ዕውር ልጅ ይህን ድኃ ሀብታም ነው ብላ ታስበዋለች። ንግግር በሌለው ፊልም ይህን እንዴት ማስረዳት ይቻላል? ቻፕሊን ብዙ ከደከመ በኋላ መንገዱን አገኘ፤ ድኃው በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ አልፎ ሲወርድ የበሩን መዘጋት ልጅቱ ሰምታ ባለ አውቶሞቢል ነው ትላለች። ይህችን አጭር ትርኢት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ደጋግሞ አንሥቷታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይልቁንም የሚነካን በ1940 ያወጣው ታላቁ አምባገነን የተባለው ፊልም ነው። ሒትለር ከቻፕሊን በአራት ቀን ብቻ ዘግይቶ የተወለደ ሰው ነው፤ በአፍንጫቸው ሥር ያለው ጢምም ተመሳሳይ ነበር። ቻፕሊን ሒትለርን ራሱ ሆኖ ሲጫወት፥ ሙሶሊኒንም ናፓሎኒ በሚባል ስም ሌላ ተጫዋች እንዲመስለው አደረገ። ሁለቱ ትዕቢተኞች በጠጕር አስተካካይ ወንበር ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ አንዱ ወንበሩን ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ከፍ እያደረገ፥ እስከ ጣራ ድረስ ይፎካከራሉ። ፊልሙ የወጣው አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፥ ቻፕሊንም የራሱን ገንዘብ አፍስሶ ነው። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ አገራችንን በመርዝ ጋዝ ወርሮ ይዞ፥ አርበኞቻችን በዱር በገደል ይዋጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በሚቀጥለው ዓመት፥ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ቻፕሊን በ1964 በታተመው መጽሐፉ፥ የናዚዎችን የእስር ሠፈሮች ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ፊልም ሊሠራ እንደማይችል ገልጧል። ሣቅም ወሰን እንዳለው ያወቀ አሣቂ ነበር።

ሰው እንደ መሆኑ ነቀፋ አላጣውም። አራት ጊዜ አግብቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሚስቶቹን ያገባቸው ገና የ16 ዓመት ልጆች ሳሉ ነው። ይህን ዝናው አይሸፍነውም። በ1952 ደግሞ ከአሜሪካ ወደ ሎንዶን ሲጓዝ፥ ኮሙኒስቶችን ይደግፋል ተብሎ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘበት። ከዚያ በኋላ በስዊስ አገር ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1972 አሜሪካኖች ጠርተው በክብር ሸለሙት፤ ተሰብሳቢውም ቆሞ ለብዙ ጊዜ አጨበጨበለት። በ1975 የእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕረግ ሰጠችው፤ ዲሴምበር 25 ቀን 1977 በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሁሉ የሚማረው አለ። ደጅ የሚጠናው ድኃ ልብሱ ቢያረጅ፥ አነጋገሩም ቢሰነካከል፥ በእርሱ መሣቅ እናቲቱን በመድረክ ላይ ካሳፈረው ሕዝብ ጋር መተባበር ነው። በራሳችን ላይ የሚነገረውን ቀልድ ግን ከመቈጣታችን አስቀድሞ እንመርምረው፤ እውነት ያለበት እንደ ሆነ ተግሣጽ ነው። ሹም ወንበሩን ከፍ ባደረገ መጠን ክብሩ ከፍ አይልም፤ ጣራው ብቻ ይቀርበዋል።