የክሪስታል ገጽን መዋቅር በኤሌክትሮን ዲፍራክሽን መወሰን፦ የኮምፒውተር ፍለጋ እና ወሰኑ



የክሪስታል ገጽ የውስጡ ግልባጭ አይደለም። በውስጥ ያለ አቶም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው፤ በገጽ ላይ ያለው ግን ከላይ ጎረቤት ስለሌለው ቦታውን ይለውጣል። ለምሳሌ (111) በሚባለው የሲሊከን ገጽ ላይ ተደጋጋሚው የአቶሞች ንድፍ ስፋቱ ከተለመደው 49 እጥፍ ይሆናል። ካታሊስት ሥራውን የሚሠራው በገጹ ነውና፣ እያንዳንዱ አቶም የት እንደቆመ ማወቅ ግድ ይለናል።

ዴቪሰን እና ገርመር እ.ኤ.አ. በ1927 በኒኬል ክሪስታል ላይ እንዳሳዩት ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ይበተናል። ጉልበቱ 150 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ 1 አንግስትሮም ያህል ነው፤ ዘልቆ የሚመለሰውም ከጥቂት የአቶም ንብርብሮች ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች አቀማመጥ የንድፉን መጠንና ሲሜትሪ ይነግረናል። የአቶሞቹ ቦታ ግን የሚነበበው የነጠብጣቦቹ ድምቀት ከጉልበቱ ጋር ሲለዋወጥ ከሚሠራው ኩርባ ነው።

ኤሌክትሮኑ ከመውጣቱ በፊት ደጋግሞ ስለሚበተን፣ ከኩርባው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አቶሞቹ ቦታ የሚያደርስ ቀላል ቀመር የለም። ስለዚህ መዋቅር እንገምታለን፤ ኩርባውን እናሰላለን፤ ከልኬቱ ጋር እናነጻጽራለን። የልዩነቱ መለኪያ አር-ፋክተር ይባላል። ፔንድሪ በ1980 ባቀረበው ቀመር 0 ፍጹም መግጠምን፣ 1 ደግሞ ዝምድና አለመኖሩን ያመለክታል።

እንግዲህ የማይታወቁት መጠኖች 10 ናቸው እንበል። ለእያንዳንዱ 10 ዋጋ ብንሞክር 10 ቢሊዮን መዋቅሮች ይሆናሉ፤ አንዱ ስሌት 1 ሰከንድ ቢወስድ ከ300 ዓመት በላይ ያስፈልገናል። የኮምፒውተር ፍለጋ የመጣው ይህን ለማቃለል ነው። በ1980ዎቹ የዳበረው ቴንሰር ሊድ አንድ መነሻ መዋቅር ብቻ በሙሉ አስልቶ፣ አቶሞቹ በጥቂቱ ሲነቃነቁ የሚመጣውን ለውጥ በአጭር ስሌት ይገምታል። ፕሮግራሙም በየእርምጃው አር-ፋክተር ወደሚቀንስበት አቅጣጫ ይጓዛል።

ነገር ግን በጉም ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከመጀመሪያው ጎድጓዳ ሲደርስ የሸለቆውን ወለል ያገኘ ይመስለዋል። የተሳሳተ የንብርብር ርቀትም አንዳንድ የኩርባውን ጫፎች ሊያገጣጥም ስለሚችል፣ ፍለጋው እዚያው ተይዞ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒት የታሰቡ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ብረት ግሎ ቀስ በቀስ እንደሚቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ የሚወስዱ እርምጃዎችንም ይፈቅዳል፤ ሌላው ዘረመልን በመምሰል የተሻሉትን ግምቶች ያዳቅላል። ሁለቱም ዕድሉን ያሰፋሉ እንጂ ማረጋገጫ አይሰጡም።

ስለዚህ ዝቅተኛ አር-ፋክተር ስታዩ አራት ጥያቄዎችን አስቀድሙ። ፍለጋው ከተለያዩ መነሻዎች ተነሥቶ አንድ ቦታ ደርሷልን? የተለካው የጉልበት ክልል ለማይታወቁት መጠኖች ብዛት ይበቃልን? የተገኙት የአቶም ርቀቶች ከኬሚስትሪ ጋር ይስማማሉን? ሌላ የልኬት ዘዴስ ይመሰክርለታልን? ኮምፒውተር የሚመርጠው እኛ ካቀረብንለት የመዋቅር ዓይነት ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ዓይነት ከመነሻው ካልታሰበ፣ የቱንም ያህል ፈጣን ፍለጋ አያገኘውም።