የቤተሰባችንን ታሪክ እንጻፍ



አንድ ሽማግሌ ወደ አኺራ ሲሄዱ የአያቶቻቸው አገርና ኪታብ የቀሩባቸው ሸኽ ስም አብሮ ይቀበራል። ይህ በየቤታችን ያለ ነው። ስለዚህ የራሳችንንና የቤተሰባችንን ሕይወት በአንድ ደብተር እንጻፍ እንላለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢብኑ ኸልዱን (ረሒመሁላህ) የገዛ ሕይወቱን ከነዘር ሐረጉና ከነአስተማሪዎቹ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1384 ቤተሰቡን ወደ ግብጽ ያመጣ የነበረው መርከብ መስጠሙንም፣ ያን ሁሉ ሐዘን፣ በጥቂት ቃላት አስፍሮታል።

ከአዛውንቱ እንጀምር። የተወለዱበትን ዓመት ካላወቁ «በ1966 አብዮቱ ሲመጣ አግብተው ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ ከዚያ ወደኋላ ማስላት ነው።

ጎረቤት ያጠባችው ልጅ ካለ የአጥቢዋን ስም መጻፍ አይረሳ። በሸሪዓችን የጡት ወንድምና እህት አይጋቡም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኒካሕ ሊታሰር ሲል፣ «እኔ እኮ ሁለቱንም አጥብቻለሁ» የምትል እናት ብትነሳ የሁለት ቤት ሐዘን ነው። ዕዳም እንደዚሁ ይጻፍ፤ ሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ያዘዘን ነው። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት ስለሚከፈል ልጆች ሊያውቁት ይገባል።

የእህትን የፍቺ ምክንያት፣ የወንድምን ጥፋት ግን እንተወው። እውነት ቢሆንም ሐሜት ነው፤ (ውሸት ከሆነማ ቅጥፈት ይሆናል)። ስለ ባለቤታችን የጻፍነውንም ለሌላ ከማሳየታችን በፊት ለእሷ እናንብብላት። ይሰረዝልኝ ያለችውን እንሰርዝላት።