የባሕር ጨው ከየት መጣ?

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ተረቱ ለምክር የተነገረ ነው። ነገር ግን ጨውና ድንጋይ በእርግጥም ዝምድና አላቸው። የጨው ታሪክ ከተራራችን ድንጋይ ተነሥቶ እስከ ውቅያኖስ ድረስ ይሄዳል። ይህን ታሪክ ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በደጋው አገር የብዙ እናቶችን አንገት የሚያሳብጠው እንቅርት ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እንዴት? ከመጀመሪያው እንጀምር።

ወንዝ ምን ይዞ ይሄዳል?

የዝናብ ውሃ ከሰማይ ሲወርድ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። መሬት ገብቶ በአፈርና በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ግን ልዩ ልዩ ማዕድኖችን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ከብቶቻችን ሆራ ወርደው የሚጠጡት ከምድር ሆድ ማዕድን ይዞ የወጣ ውሃ ነው። የወንዝ ውሃ ግን ሲጠጡት ጨው ጨው አይልም። በውስጡ ያለው ጨው በጣም ትንሽ ነውና።

ታዲያ ትንሹ እንዴት ብዙ ሆነ? ገበሬ በፀሐይ ሲያርስ ውሎ ላቡ ሲደርቅ ልብሱ ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል። ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ ማለት ነው። ባሕርም እንዲሁ ነው። ወንዞች ሌትና ቀን ወደ ባሕር ይገባሉ። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ተኖም ደመና ሆኖ ይመለሳል። ጨው ግን እዚያው ይቀራል። በባሕር ወለል ላይ ያለው እሳተ ገሞራም የራሱን ይጨምራል። ይህ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲደጋገም ባሕሩ ጨው ሆነ። ዛሬ ግን የሚገባውን ያህል እየዘቀጠ ከወለሉ ላይ ስለሚቀር፣ ጨዉ ከዓመት ወደ ዓመት አይጨምርም።

ለዚህ ማስረጃው በአገራችን አለ። ጣና ውሃው በዓባይ በኩል ስለሚወጣ ጨው አያጠራቅምም፤ ውሃው ጨው አይልም። አዋሽ የሚገባበት አቤ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም፤ ስለዚህም ጨዋማ ነው። በአፋር ዳሎል አካባቢ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይደርስ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተቆረጠው ከዚያ ነው።

በባሕር ውሃ ውስጥ ምን አለ?

አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ቢተን ወደ 35 ግራም ጨው ይቀራል። 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ ቢቀዳ 700 ግራም ያህል ጨው ይገኝበታል። ቀይ ባሕር ፀሐዩ ብርቱ፣ ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ በኪሎ 40 ግራም ያህል አለው።

ከ35ቱ ግራም 30 ያህሉ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ጨው ነው። እሱም ሶዲየምና ክሎሪን የሚባሉ ሁለት ነገሮች ተዋሕደው የሚሆኑት ነው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1872 እስከ 1876 ቻሌንጀር የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ዓለምን እየዞረች የባሕር ውሃ ቀዳች። ዲትማር የተባለ ሊቅ 77 ናሙና መርምሮ ውጤቱን በ1884 አሳተመ። የጨዉ መጠን ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ የቅመሙ ድርሻ ግን በየትም ባሕር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

የባሕር ውሃ አይጠጣም። የሰው ኩላሊት የገባውን ጨው በሽንት ለማስወጣት ከተጠጣው የበለጠ ውሃ ከሰውነት ይወስዳል። ስለዚህ የጠጣ ሰው ይብስ ይጠማል፤ ቢደጋግመውም ይሞታል።

ባሕርም ደጋና ቆላ አለው

የምድርን ገጽ መቶ ቦታ ብንከፍለው 71 እጁ ባሕር ነው። አገራችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ተብላ እንደምትከፈል ባሕርም በጥልቀቱ ይከፈላል። የሚከፍለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እስከ 200 ሜትር ነው። የፀሐይ ብርሃን ስለሚደርሰው ተክል ይበቅልበታል። አብዛኞቹ ተክሎች በዓይን የማይታዩ ደቃቃዎች ናቸው። ነገር ግን ብዛታቸው ከማለቁ የተነሣ በምድር ላይ ከሚፈጠረው ኦክሲጅን ግማሽ ያህሉ ከባሕር ይወጣል። ደቃቃዎቹን ተክሎች ደቃቃ እንስሳት ይበላሉ፤ እነሱን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ትልልቆች ይበላሉ። በምድር ካሉት እንስሳት ሁሉ ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 30 ሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ ላም ይወልዳል፣ ያጠባል፣ ለመተንፈስም ወደ ላይ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ክፍል ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ነው። ብርሃኑ እንደ ምሽት ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ተክል አያበቅልም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ጅብ ቀን ተደብቀው ውለው ሌሊት ወደ ላይ ወጥተው ይበላሉ።

ከ1,000 ሜትር በታች ጨለማ ነው፤ አብዛኛውም በጣም ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ያሉ ብዙ እንስሳት እንደ አብሪ ትል ከገላቸው ብርሃን ያወጣሉ። ምግባቸው ከላይ የሚወርደው ፍርፋሪና ሬሳ ነው። በፈረንጆች 1977 ግን በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ፍል ውሃ ተገኘ። በዙሪያው ትልልቅ ትሎች ይኖራሉ። የሚኖሩትም በፀሐይ ኃይል ሳይሆን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ በሚመገቡ ደቃቃ ሕዋሳት ነው።

ከሁሉ የጠለቀው ቦታ በሰላማዊ ውቅያኖስ ሲሆን ወደ 11,000 ሜትር ይደርሳል። ሁለት ራስ ዳሸን ቢደራረብ እንኳ ጫፉ ከውሃው አይወጣም። እዚያ ውሃው በአንድ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አሥራ አንድ ኩንታል ያህል ይከብዳል። በጥር 1952 ዓ.ም. ፒካርና ዋልሽ የተባሉ ሁለት ሰዎች በወፍራም ብረት በተሠራ መጥለቂያ ተዘግተው ወርደው ተመልሰዋል።

ከላይ የሚወርደው ፍርፋሪ ሲበሰብስ የባሕሩ ፍግ ይሆናል። ፍጉ ከታች፣ ብርሃኑ ከላይ ስለሆነ ግን አይገናኙም። ብርቱ ነፋስ የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ሲያወጣው ተክሉ ይለመልማል፣ ዓሣውም ይበዛል። በክረምት ወራት በሶማሊያ ጠረፍ የሚሆነው ይህ ነው።

ዝናብ ከደጋው የወሰደው

ወንዝ ከተራራችን የሚወስደው ጨው ብቻ አይደለም። አዮዲን የሚባል ነገርም ይወስዳል። አዮዲንን በፈረንጆች 1811 ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ከባሕር ሣር አመድ አገኘው። የባሕር ሣርና የባሕር ዓሣ አዮዲን ያጠራቅማሉ። ስለዚህ እነሱን የሚመገብ ሕዝብ አዮዲን ያገኛል። የእኛ ደጋ አፈር ግን ለብዙ ዘመን በዝናብ ታጥቧል። አፈሩ ውስጥ ከሌለ እህሉ ውስጥ አይኖርም፤ ከእህሉ ከሌለም ሰውየው አያገኘውም።

በአንገታችን ፊት ለፊት ያለው ዕጢ ያለ አዮዲን ሥራውን መሥራት አይችልም። አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ እሱን ነው እንቅርት የምንለው። እንቅርት እርግማን አይደለም። ከእብጠቱ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ጉዳት ነው። ነፍሰ ጡር አዮዲን ካጣች የሆድዋ ልጅ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ልጁ በትምህርት ይደክማል፤ ጉዳቱ ሲበረታም መስማትና መናገር ይሳነዋል።

«ጨውማ ሁልጊዜ እንበላለን» የሚል ይኖራል። የባሕር ውሃ ተኖ ጨው ሲረጋ ግን አዮዲኑ አብሮት አይረጋም ማለት ይቻላል። አሞሌም ሆነ ተራው ጨው የሚበቃ አዮዲን የለውም። ስለዚህ አዮዲን በፋብሪካ ይጨመርበታል። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል።

ስለዚህ ጨው ስንገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑን ከከረጢቱ ላይ እናንብብ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት አርቀን እናስቀምጥ። አንጠበው። ወጥ ውስጥ የምንጨምረውም ሊወርድ ሲል ይሁን፤ ብዙ ከፈላ አዮዲኑ ይጠፋል። እንቅርት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የቆየ እንቅርት በጨው ብቻ ላይድን ይችላል። የሚወለደው ልጅ ግን እናቱ በእርግዝናዋ ወራት በቂ አዮዲን ካገኘች ከዚህ ጉዳት ይድናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አቤ ሐይቅ ጨዋማ ሲሆን ጣና ያልሆነው ለምንድን ነው?
2. ከ200 ሜትር በታች ተክል የማይበቅለው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለው? ከረጢቱን አምጥታችሁ አንብቡ።