የክፉ ቀን ስንቅ በደህና ቀን ይገዛል

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ አድርጎታል። በእንዲህ ዓይነት አደጋ ማግስት ለዓይን የሚታየው የተቃጠለው ሸቀጥ ነው። ከሸቀጡ ጋር አብሮ የሚነደውን ወረቀት ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

የመርካቶ ነጋዴ ሀብት መደርደሪያው ላይ የተቆለለው ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። ለክፍለ ሀገር ደንበኛ በዱቤ የወጣው ዕቃ፣ ከአስመጪው በቃል የተወሰደው፣ ገና ያልተመነዘረው ቼክ ሁሉ ተመዝግቦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ሱቅ ውስጥ አድሮ ከተቃጠለ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከስራል። የሰጠውን ዱቤ የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም። ያበደሩት ሰዎች ግን የራሳቸው ደብተር በሌላ ቦታ በደህና ተቀምጧል።

በዚያው በ2017 ዓ.ም. አደጋው ከእሳት ብቻ አልመጣም። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ታህሣሥ 26 ቀን በሬክተር መለኪያ ወደ 5.8 ደርሶ ነበር። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የፎቅ ነዋሪዎችን በሌሊት ከየቤታቸው ያስወጣ ሲሆን፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው እንዲሄዱ ተደርጓል። ቀደም ሲልም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ሰው ከቤቱ ይዞ የወጣው በእጁ የገባለትን ብቻ ነው።

ጎተራ የሌለው ከተሜ

መንግሥት የመጠባበቂያ ክምችትን ጥቅም ካወቀው ቆይቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ የእህል ክምችት ይሠራ የነበረው በብድር መልክ ነው። ዕርዳታ ለመስጠት ቃል የገባ ለጋሽ እህሉን በመርከብ ጭኖ እስኪያመጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የዕርዳታ ድርጅቱ ከመጋዘኑ እህል ይበደርና መርከቡ ሲደርስ ይተካል። ክምችቱ የገዛው ነገር እህል ሳይሆን ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ይኸው ሒሳብ ለቤተሰብም ይሠራል። ገበሬው ቢያንስ ጎተራ አለው። ከተሜው ግን ዘይቱን በሊትር፣ ስኳሩን በኪሎ፣ አንዳንዴም በግማሽ ኪሎ ከጉልት ወይም ከሰፈር ሱቅ እየገዛ የሚኖር በመሆኑ የቤቱ ክምችት ከጥቂት ቀናት አያልፍም። መንገድ ቢዘጋ፣ ሱቁ ባይከፈት ወይም ከቤት መውጣት ግድ ቢሆን የሚያቆየው ነገር የለም። በአደጋ ማግስት ልግዛ ቢልም ፍላጎት በአንድ ጊዜ ሲያሻቅብና አቅርቦት ሲቋረጥ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ሦስት ጀሪካንና ዘጠኝ ኪሎ

ለሦስት ቀን መዘጋጀት የአብዛኞቹ የአደጋ መከላከል መመሪያዎች መነሻ ነው። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ቢታሰብ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ለሦስት ቀን 60 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ችግሩ ጀሪካኑ ለልብስ ማጠቢያም ለመጠጥም አንድ መሆኑ ነው። ሦስቱን ለይቶ፣ በሚገባ አጥቦና ከድኖ ማስቀመጥ፣ ውሃውንም በየጊዜው መለወጥ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም። ለማከሚያ በረኪና የሚጠቀሙ አሉ። ነገር ግን በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው የተለያየ፣ አንዳንዱም ሽታ የተጨመረበት በመሆኑ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀውን ማከሚያ ከፋርማሲ ገዝቶ በላዩ እንደተጻፈው መጠቀም ይሻላል።

ምግቡን በተመለከተ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ መፈለግ አያሻም። ሳይበላሽ የሚቆይ፣ እሳት የማይጠይቅና ለመሸከም የማይከብድ ምግብ የሀገሩ ሰው ጥንትም ያውቃል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ለመንገደኛና ለዘማች የተሠሩ ስንቆች ናቸው። አንድ ሰው በቀን 2,100 ያህል ካሎሪ እንደሚያስፈልገው ይገመታል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት ወደ 350 ካሎሪ ስለሚሰጥ በሶ ብቻ ቢበላ እንኳ ለአንድ ሰው በቀን 600 ግራም፣ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 9 ኪሎ ይበቃል። ዘይት፣ ቅቤ ወይም ስኳር ሲታከልበት መጠኑ ይቀንሳል። ሕፃንና በሽተኛ ያለበት ቤት የሚወስደውን መድኃኒትና ጥቂት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢቶች መጨመር ይኖርበታል።

የሚገዛበት ወቅትም ገንዘብ ነው። የገብስ ዋጋ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከታህሣሥ እስከ የካቲት፣ ይረግባል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ይወደዳል። ዐቢይ ጾም የሚገባው አዝመራው ገበያውን ካረጋጋው ወዲያ በመሆኑ የአምናውን በሶ በጾሙ በልቶ ጨርሶ በአዲስ መተካት ሁለት ጥቅም አለው። እህሉ አይነቅዝም፤ ግዢውም በርካሽ ወር ይውላል። እንዲህ ሲሆን የክፉ ቀን ስንቅ የባከነ ወጪ መሆኑ ይቀርና ቀድሞ የተገዛ አስቤዛ ይሆናል።

ሞባይል ውስጥ ያለ ሀብት

ዛሬ የብዙ ሰው ገንዘብም፣ ስልክ ቁጥርም፣ የሰነድ ፎቶግራፍም ያለው ሞባይሉ ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ቴሌብርም ሆነ የባንክ አካውንት አንድ ዳቦ አይገዛም። ለጥቂት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ኖት ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ በችግር ቀን ለባለ 200 ብር መልስ የሚሰጥ አይገኝምና። ከዚያ በላይ ማከማቸት ግን አይመከርም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ በቤታቸው ብዙ ጥሬ ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች ቀነ ገደብ ሳያልፍባቸው ወደ ባንክ መሮጥ ነበረባቸው። ከዚያ ውጭም የዋጋ ንረቱ ፍራሽ ሥር ያለውን ብር በየወሩ ይሸረሽረዋል።

የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሕፃናት የክትባት ካርድ በአንድ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልለው በር አጠገብ ቢቀመጡ በሌሊት አይፈለጉም። ኮፒያቸው ደግሞ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይሰጥ። የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥርም በወረቀት ይጻፍ። በአዲስ አበባ እሳት ሲነሳ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 መደወል እንደሚቻል የቤት ሠራተኛዋም፣ ልጁም፣ ዘበኛውም ማወቅ አለባቸው። ነጋዴው ደግሞ የዱቤ ደብተሩን ሱቅ ከማሳደር ይልቅ በየሳምንቱ አንዴ ኮፒ አድርጎ ወደ ቤቱ ቢወስድ ወጪው የጥቂት ገጽ ኮፒ ነው።

የኢንሹራንስ ወረቀት ሲነበብ

የኢትዮጵያ የኢንሹራንስ ገበያ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንጻር ከ1 በመቶ በታች ነው። ገዝተናል የሚሉትም ቢሆኑ ውሉን የሚያነቡት ከአደጋው በኋላ ነው። መደበኛው የእሳት ኢንሹራንስ እሳትና መብረቅን የሚሸፍን ሲሆን፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍ የሚካተቱት ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ ነው። ከዚህ ይበልጥ ነጋዴውን የሚጎዳው ግን ዋጋን አሳንሶ ማስመዝገብ ነው። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሸቀጥ በ1 ሚሊዮን ብር ኢንሹራንስ ገብቶ የ400 ሺህ ብሩ ቢቃጠል ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፣ ማለትም 200 ሺህ ብር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች ዋጋ በእጅጉ ስለጨመረ፣ በድሮው ዋጋ የታደሰ ውል ባለቤቱ ሳያውቀው በየጊዜው እያነሰ ሄዷል። በዚያ ላይ ካሣ ጠያቂው የነበረውን ዕቃ በደረሰኝ ማሳየት አለበት። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ሱቅ ውስጥ ከነበረ ነገሩ ተመልሶ እዚያው ደብተሩ ጋ ይመጣል።

ኢንሹራንስ ለመግባት አቅም ለሌለው እድር አለ። ድንኳን፣ ድስት፣ በርሜልና የአባላት ስም ዝርዝር ያለው፣ ጥሪ ሲሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰበሰብ ድርጅት በየሰፈሩ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እስካሁን በአብዛኛው የሚሠራው ለቀብር ነው። አንድ የእሳት ማጥፊያ፣ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ቢጨምር፣ የትኛው ቤት አቅመ ደካማ አዛውንት እንዳሉ በመዝገቡ ቢይዝ ለቋሚም ይደርሳል። ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ትንሽ ለዚሁ መለየት በሚቀጥለው ስብሰባ ሊነሳ የሚችል አጀንዳ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል የማያውቅ ነጋዴ የለም። ዘጠኝ ኪሎ በሶ፣ ሦስት ጀሪካንና አንድ የወረቀት ከረጢት ቅጠሉ እነሱ ናቸው።