አንድ ጠገራ ብር፣ አራት ሜዳ

ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን በክር እንለካው ቢባል ክሩ አንድ የቡና ቅጠል ውስጥ ይገኛል፤ ያውም ተርፎ።

የይርጋ ጨፌ ቡና እንደ ማንኛውም አረቢካ በሴሉ ውስጥ 44 ክሮሞሶም አለው። በእነዚህ ላይ የተደረደሩት የዲኤንኤ ጥንድ ፊደላት 2.5 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ጥንድ እስከ ቀጣዩ 0.34 ናኖ ሜትር ነው። ሲባዛ 85 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ከክንድ የሚረዝም ክር፣ ዓይን በማያየው ሴል ውስጥ ተጠቅልሎ! የ424,000 ሴሎች ክር ቢቀጣጠል ከዲላ አዲስ አበባ ይደርሳል። አንድ ቅጠል ደግሞ ሴሎቹ በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

የዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ ተመራማሪ ዕድሜውን የሚፈጀው ይህን ክር በማንበብ ነው። በዕፅዋት ተጠቅሞ የናኖ ቅንጣት የሚሠራው የባዮናኖ ባልደረባው ግን ቅጠሉን ቀቅሎ ያጠልለዋል። ጭማቂውን ብር ናይትሬት ከሟሟበት ውሃ ጋር ሲቀላቅለው በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ለብሩ ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ ብሩም እየተሰባሰበ ቅንጣት ይሆናል። ፈሳሹ ቡናማ ሲሆን ሥራው መያዙ ይታወቃል። ብር ቡና መስሎ መምጣቱ እኔን ሁሌም ያስቀኛል።

አሁን አያቶቻችን የተገበያዩበትን ጠገራ ብር እናስብ፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን። ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም። ሁለቱ ፊቶቹ ከነጠርዙ 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። ያንኑ ብር 20 ናኖ ሜትር ወርድ ወዳላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ብንለውጠው የገጻቸው ስፋት ተደምሮ 670 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አራት የመረብ ኳስ ሜዳ ሸፍኖ ይተርፋል፤ አንዲት ግራም ሳትጨመር። (የአያትዎን የአንገት ጌጥ አይንኩብኝ፤ ስሌቱ በወረቀት ይበቃል።) ብር ባክቴሪያን ይገድላል፤ ከባክቴሪያው ጋር የሚገናኘውም በገጹ ነውና ተመራማሪውን የሚያጓጓው ይኸው ሜዳ ነው።

ዲላና ይርጋ ጨፌ ባሉበት አካባቢ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናና እንሰት አብረው ይበቅላሉ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ። የባክቴሪያው ርዝመት አንድ ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ከብሩ ቅንጣት ጎን ሲቆም 50 እጥፍ ይረዝማል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብር ባክቴሪያን መግደሉ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጓሮ ውስጥ በሰው ቁመት እጥፍ የቆመ እንሰት ማዳን ሌላ።

በሽታው ከተክል ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋናው ቢላዋ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስለት ላይ ባክቴሪያዎቹ ጫፍ ለጫፍ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ቢሰለፉ 300,000 ይሆናሉ። ለገበሬው የሚመከረው ዘዴ አንድም ናኖ የለበትም፦ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ስለቱን እሳት ላይ ማገላበጥ።