የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ

የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ ማለት የንግድ ድርጅቶች የግዢ ትዕዛዝን፣ ኢንቮይስን፣ የጭነት ሰነድንና የመሳሰሉትን በወረቀት ፈንታ፣ አስቀድመው በተስማሙበት ቅርጽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚለዋወጡበት አሠራር ነው። ኢንቮይስን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል መላክ ከዚህ አይቆጠርም፤ ተቀባዩ ያንኑ አንብቦ እንደገና መጻፉ አይቀርምና። የአሠራሩ ዋና ጥቅም አንድ ጊዜ የተጻፈ መረጃ ዳግም እንዳይጻፍ ማድረጉ ነው።

አስፈላጊነቱ

ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለንጪቲ የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥተው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጓዙ ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር ጋር ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የመርከብ ጭነት ሰነድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለ። የኮንቴይነሩ ቁጥር በላኪው፣ በመርከብ ድርጅቱ፣ በወደቡ፣ በትራንዚተሩና በጉምሩክ ዘንድ በየተራ በእጅ የሚጻፍ ከሆነ፣ አንድ አኃዝ ሲሳሳት ሰነዶቹ አይገጣጠሙም። ስሕተቱ እስኪታረም ዕቃው ይቆማል፤ አስመጪውም የወደብ ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ ይቆጠርበታል።

ቁጥሩ ራሱ ስሕተትን እንዲያጋልጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። አራት ፊደላትና ሰባት አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። በወረቀት ላይ ይህን ስሌት የሚሠራ ሰው እምብዛም የለም፤ ኮምፒውተር ግን መልእክቱን ሲቀበል ወዲያውኑ ያጣራዋል።

ታሪክ

የአሠራሩ መነሻ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1949 ምዕራብ በርሊን በተከበበች ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በአውሮፕላን የሚገባው ዕቃ ልዩ ልዩ ቅርጽና ቋንቋ ባላቸው ሰነዶች ይመጣ ስለነበር፣ ኤድዋርድ ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ወጥ የጭነት ዝርዝር አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ኤክስ 12 የተባለውን ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኤዲፋክት የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ጸደቀ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1989 ትሬድኔት በተባለ ሥርዓት ነጋዴዎችንና መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ መረብ አገናኘች።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ጉምሩክ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የተሠራውን አሲኩዳ የተባለ ሥርዓት ለዓመታት ተጠቅሟል። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ተጀመረ። በዚህ አገልግሎት አስመጪና ላኪ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ይዞ ከመዞር ይልቅ የፈቃድ ጥያቄውንና ዲክላራሲዮኑን በአንድ ሥርዓት ያቀርባል።

ሕጉም አብሮ መጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 በኮምፒውተር የሚደረግን ፊርማ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ውጤት ይደነግጋሉ። ክርክር ሲነሣ ወረቀት ያልሆነ ማስረጃ ተቀባይነት ከሌለው፣ ነጋዴው የማኅተሙን ሰነድ መተው አይችልም።

ሥራ ላይ ማዋል

አንድ ድርጅት ብቻውን ይህን አሠራር ሊጀምር አይችልም፤ ደንበኛው ወይም አቅራቢው አብሮ መግባት አለበት። በቅድሚያ ስምምነት የሚያሻቸው ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

• የዕቃ መለያ፦ ሻጩ «20 ሊትር ዘይት» የሚለውን ገዢው «ጀሪካን ዘይት» ብሎ ከመዘገበ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አድርገው ያዩታል።
• መለኪያ፦ ብዛቱ በካርቶን ነው ወይስ በፍሬ?
• የመቀበያ ማረጋገጫ፦ ትዕዛዝ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?
• መጠባበቂያ፦ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው በምን ይቀጥላል?

ለምሳሌ የወለንጪቲ ቸርቻሪ ከአዳማ ጅምላ ሻጭ ዕቃ ሲያዝ፣ ትዕዛዙ በሻጩ ኮምፒውተር ወደ መጋዘን ማውጫ፣ ከዚያም ወደ ኢንቮይስ ይለወጣል። ቸርቻሪው ዕቃውን ሲረከብ ብዛቱን ካዘዘው ጋር ያነጻጽራል፤ የጎደለ ካለ ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ይታወቃል።

ለትንንሽ ነጋዴዎች ወጪው ከባድ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ ድርጅት በሚያዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ይሞላሉ። ይህ ወረቀትን ቢያስቀርም ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ ነጋዴው ያንኑ ቁጥር በራሱ የሒሳብ መዝገብ እንደገና ከጻፈ የመሳሳቱ ዕድል ከትልቁ ድርጅት ወደ እሱ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።