ደጅ ጥናትና የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት

ደጅ ጥናት ምን እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በጎንደር ቤተ መንግሥትም ሆነ በየመሳፍንቱ ግቢ፣ ርስት የተወሰደበት፣ ሹመት የፈለገ ወይም ፍርድ የተጓደለበት ሰው ጌታው እስኪያየው ድረስ ከደጃፍ ቆሞ ይጠባበቅ ነበር። የአንዳንዱ ጉዳይ በቀናት ሲያልቅ የሌላው ዓመታት ይፈጃል። ባዶ እጁን የሚመጣው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው እጅ መንሻ ይዞ፣ ወይም ጌታው የሚያከብረውን አማላጅ አስቀድሞ ይቀርባል። «ሎቢ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። የቃሉ ፍች የትልቅ ሕንጻ መግቢያ አዳራሽ ነው። ባለጉዳዮች የምክር ቤት አባላትን በዚያ አዳራሽ ጠብቀው ያነጋግሩ ስለ ነበር፣ ሕግ አውጪን ለማሳመን የሚደረገው ጥረት ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ።

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ወይም የሚያከፋፍል ድርጅት ከመንግሥት ደጅ ሊርቅ አይችልም። ግድብ የሚሠራበት ወንዝ፣ ምሰሶ የሚተከልበት መሬት፣ ከውጭ ለሚገባው መሣሪያ የሚከፈለው ቀረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚወሰነው በሕግና በመመሪያ ነው። ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች የማመንጫ ጣቢያውን ሥራ እንደ መሐንዲሱ ሊያውቁት አይችሉም። ስለዚህ ድርጅቱ የሚያውቀውን ለሕግ አውጪው መንገሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም እያወቀ ዝም ቢል ያስወቅሰዋል። ጥያቄው የሚነሣው በአነጋገሩ ላይ ነው። በማን ስም ተናገረ? በግልጥ ነው ወይስ በጓዳ? ነገሩ የሚነካው ሌላው ወገንስ የመናገር ዕድል አግኝቷል?

የዚህን ክብደት ለመረዳት ከጎንደር ወደ ምዕራቡ ቆላ በሐሳብ ውረዱ። የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሳንጃም፣ ከሱዳን ጠረፍ ያለችው መተማም ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትበት ሞቃት ምድር ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጥበት 230 ሺህ ቮልት ተሸካሚ መስመር ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ይሻገራል። በኢትዮጵያ በኩል ላለው ሥራ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 41 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ሽያጩም እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀመረ።

እስቲ በዚህ መስመር ላይ ስንት ባለጉዳይ እንዳለ ቁጠሩ። ሻጩ ድርጅት የውጭ ምንዛሪ ይሻል፤ ገዢው ርካሽ ኃይል ይሻል፤ አበዳሪው ብድሩ እንዲመለስ ይሻል። ሦስቱም ጽሕፈት ቤት፣ መሐንዲስና የሕግ ዐዋቂ አላቸው። አራተኛው ባለጉዳይ ግን ምሰሶው ከማሳው የሚተከልበት ገበሬ ነው። ከሽቦው ሥር ሰሊጡን ይዘራ ይሆናል፤ ረጅም ዛፍ እንዲያበቅል ግን አይፈቀድለትም። የዕጣን ዛፍ እያደማ ኑሮውን ለሚደጉም የቆላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ከፍተኛ መስመር በመንደር ላይ ስላለፈ ብቻ መንደሩን አያበራም፤ ያን ያህል ቮልት ዝቅ አድርጎ ወደ ቤት ለማስገባት ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋልና። ይህ ሰው አዲስ አበባ ወጥቶ ደጅ የሚጠናበት ስንቅ የለውም።

ሕጉ ግን አልረሳውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጥናቱ ለሕዝብ እንዲገለጥና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስለዚህ ድርጅቱ ለሚኒስትሩ ያቀረበውን ሐሳብ ለገበሬውም ማቅረብ ግዴታው እንጂ ቸርነቱ አይደለም።

በአገራችን ነገሩን የሚያወሳስበው ድርጅቱና መንግሥት የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የመንግሥት ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፍሎ የተገኙት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም የመንግሥት ናቸው። ልጅ ከአባቱ ጋር በጓዳ ሲመካከር ጎረቤት ምን ይሰማል? ለዚህ ነው በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 810 ሌላ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የኢነርጂ ባለሥልጣን፣ የተቋቋመው፤ ሥራው ኋላ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። ድርጅቱ የዋጋ ለውጥ ሲፈልግ ጥያቄውን ከነማስረጃው ለባለሥልጣኑ ያቀርባል፤ ባለሥልጣኑ መርምሮ ውሳኔውን ለመንግሥት ይመራል።

ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ዋጋ በ2011 ዓ.ም. በአራት ደረጃ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ያህል በሆነው በቀድሞው ዋጋ እንዲቀጥሉ ተደርጎ ነበር። ድርጅቱ ብድሩን ለመክፈልና ያረጀውን መስመር ለመለወጥ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ በአንድ አምፖል የምታመሽ እናትም መብራቷን ማጥፋት አልነበረባትም። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚችል ድርጅት በደንብ ደጅ ጠና ይባላል።

ወረቀት ካልን ዘንድ፣ ስለ አድራጊና ተደራጊ ግሥ የተማራችሁትን እዚህ ላይ አስታውሱ። አንድ ድርጅት ለመንግሥት በሚጽፈው ማስታወሻ «የታሪፍ ማሻሻያ አስፈላጊ መሆኑ ታምኖበታል» ቢል፣ ያመነው ማን ነው? የሚከፍለውስ? ግሡ ተደራጊ ስለ ሆነ ባለቤቱ ተደብቋል። ይህንኑ «ድርጅታችን ብድሩን ለመክፈል ገቢው ስላልበቃው ዋጋው ከፍ እንዲል ይጠይቃል፤ ጭማሪው ጥቂት የሚጠቀመውን ቤተሰብ እንዳይነካም ሐሳብ ያቀርባል» ብሎ ቢጽፈው፣ ጠያቂውም ምክንያቱም የሚጎዳውም በግልጥ ይታያሉ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ረዝሟል፤ ርዝመቱ ግን የታማኝነት ዋጋ ነው። ድርጅቱ በስሙ ሊናገር የሚያፍርበትን በነጋዴዎች ማኅበር አፍ ሲያስነግርም እንደዚያው ባለቤቱን የደበቀ ዐረፍተ ነገር እየጻፈ ነው።

ባለቤት ሲደበቅ ምን እንደሚደርስ በአሜሪካ ኦሃዮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለሁለት የኑክሌር ማመንጫ ጣቢያዎች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ የሚያስገኝ ሕግ አወጣ፤ ድጎማው ከመብራት ተጠቃሚዎች ሂሳብ ላይ የሚሰበሰብ ነበር። በዓመቱ አፈ ጉባኤው ላሪ ሃውስሆልደር ተያዙ። ፈርስትኤነርጂ ከተባለው ኩባንያና ከተባባሪው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ ለጋሹን በማይገልጥ ማኅበር በኩል፣ ለእርሳቸውና ለደጋፊዎቻቸው ፈስሶ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 230 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ አፈ ጉባኤው በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ልብ በሉ፤ ጣቢያዎቹ እርዳታ ይገባቸዋል ብሎ መከራከር ወንጀል አልነበረም። በአደባባይ ሊነገር የሚችል ክርክር በገንዘብ ተተካ።

እጅ መንሻ በጥንቱ ሥርዓት የታወቀ ወግ ነበር፤ የሚሰጠውም በሰው ፊት ነው። ጉቦ ግን ጨለማ ይፈልጋል። በዘመናችን ጉቦ ሁልጊዜ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ሆኖ አይመጣም፤ የውጭ አገር የጉብኝት ጉዞ፣ ለባለሥልጣን ልጅ የተዘጋጀ የሥራ ቦታ፣ ጡረታ ለሚወጣ ተቆጣጣሪ የተገባ የአማካሪነት ቃል ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ እንዲህ ያለውን ከሠራተኞቹ ከልክሎ፣ ከየትኛው ሹም ጋር ስለ ምን እንደ ተነጋገረ የሚመዘግብ ከሆነ ደጁን ጠርጓል ማለት ይቻላል።

ወደ መተማው ገበሬ እንመለስ። ስብሰባ ተጠርቶ ቃለ ጉባኤ መፈረሙ ብቻ አይበቃም። በመተማና በቋራ ጉሙዝኛ የሚናገሩ መንደሮች ስላሉ፣ በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለእነርሱ እንዳልተለጠፈ ይቆጠራል። ጊዜውም ይታይ። ሰሊጥ በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት ይደርሳል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ራሱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። በዚያን ሰሞን ከወረዳው አዳራሽ የሚገኙት ሥራ የፈቱና አበል የሚከፈላቸው ናቸው፤ መሬቱ የሚነካበት ሰው ማጭዱን ይዞ ከማሳው ነው።